የባልጩት ስብርባሪ የሚጣልበት ጉድጓድ

የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ስለ ድንጋይ ነው ስላቸው የግቢያችን ሰዎች ሳቁብኝ። ድንጋይ ብቻ አይደለም፣ የድሮ ሰው የኖረበትን መቆፈር ነው፣ አርኪዮሎጂ ይሉታል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንደኛው፣ መሳለሚያ መንገዱ ሲቆፈር ነው የከረመው፣ እዚያ ትቀጠራለቻ አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እኔ ራሴ ሐኪም ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ብዙ ዓመት ከሄደ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ በየአገሩ የተከፈተበት፣ የመርካቶ ልጅ ሁሉ ሞባይል የያዘበት ነው። የምንኖረው ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ልጄ፣ የልጅቷ እናት ማለት ነው፣ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጠዋት ጤና አዳሜንና ጦስኜን በዘንቢል ይዤ እወጣለሁ፤ በሸማ ተራ አድርጌ፣ ቆጮ ተራ ጎራ ብዬ፣ አንዳንዴ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ እዞራለሁ። ከሸጥኩት ያወራሁት ይበልጣል። ልጄ፣ እማዬ አንቺ እኮ የምትወጪው ለወሬ ነው ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ትምህርት ቤት ደጃፉንም አልረገጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው።

ያን ያህል ወሬ ስወድ፣ አንድ ነገር ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ቆዳ ፋቂ ነበረች።

ይህ ለመርካቶ ሰው ምኑም አይደለም። በተወለድኩበት አገር ግን ቆዳ ፋቂ ከሌላው ሰው ጋር ከአንድ ዕቃ አይበላም። መሬት አይሰጠውም፣ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ ሲሞትም ለብቻው ነው የሚቀበረው። ቆዳውን ግን ሁሉም ይተኛበታል። እኔ ገና ጡቴ ሲያጎጠጉጥ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ስገባ ያንን ሁሉ እዚያው ትቼ መጣሁ። መርካቶ የማን ልጅ ነሽ ያለኝ የለም፤ ይሄን ተሸከሚ ነው ያለኝ። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ልጄ አታውቅም። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴም አታውቅም፤ እሷ ደግሞ የዚያው አገር ሰው ናት፣ ያውም የባላባት ወገን። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል። ልጄ ልጅቷን ስትወልድ ያዋለደቻት እሷ ናት። ብታውቅ ምን እንደምታደርግ አስቤ አልጨርሰውም ነበር፤ ሲጀምረኝ ዘንቢሌን አንስቼ እወጣለሁ።

ልጅቷ ልትመረቅ ትንሽ ሲቀራት የመጨረሻ ጽሑፏን መምህሯ መለሰባት። የጻፈችው፣ ጥንት ሰው ፍሬ እየለቀመና ሥር እየቆፈረ ሲኖር ቆይቶ እንዴት ወደ እርሻ እንደገባ፣ ይህም በድንጋይ መሣሪያው ላይ እንዴት እንደሚታይ ነው። መምህሩ፣ ይሄ ሁሉ ሌሎች ሰዎች ያሉት ነው፣ አንቺ ያየሽው የታለ ብሎ ሦስት ሳምንት ሰጣት። ካልሆነ ዓመቱን ልትደግመው ነው። እናቷ ደግሞ ሌላ ዓመት የማስተምርበት አቅም የለኝም፣ ከደገምሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ አለቻት። ክፋት አይደለም፤ አቅሙ አልነበራትም።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ከትምህርት ቤት ባልጩት በጆንያ ተሸክማ መጣች። ባልጩት ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። ከምናለሽ ተራ፣ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ መዶሻ ገዝታ ቧንቧው አጠገብ ተቀመጠችና ትቀጠቅጠው ጀመር። የጥንቶቹ እንዴት እንደሠሩት በእጄ ልየው ብላ ነው። ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ፍርክስክስ ይላል። ጣቷ ተቆረጠ። በሁለተኛው ቀን ሌላው ጣቷ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ሆዱን ነው የምትመታው፤ ባልጩት ሆዱ አይመታም፣ ጠርዙ ነው የሚመታው። በብረትም አይመታም። አፌ ድረስ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ፣ ዘንቢሌን ይዤ እወጣለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ከዙረቴ ስመለስ፣ የረገፈውን ስብርባሪ በመጥረጊያ ወደ ቱቦው ስትገፋ አገኘኋት። ሴቶቹ በነጠላ ጫማ ውኃ ሊቀዱ የሚመላለሱበት ቦታ ነው። ተይ፣ እንደሱ አይጠረግም አልኳትና ባዶ ጆንያ አንጥፌ ቁጭ አልኩ። አንድ በአንድ ለቀምኩት። መሬቱን በመዳፌ ዳበስ እያደረግሁ የደቀቀውን ጭምር አነሳሁ፣ ጆንያውን አሠርኩና ሰው የማያልፍበት፣ ከአጥሩ ሥር ቆፍሬ ከተትኩት። እጄ ነው እንዲህ ያደረገው፤ እኔ አላሰብኩበትም።

ቀና ስል ልጅቷ ቆማ ታየኛለች። ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች። ከጓደኞቿ ጋር በቆፈሩት ዋሻ ውስጥ የተገኘ ጉድጓድ ነው፣ በባልጩት ስብርባሪ ጢም ብሎ የሞላ። እዚህ ጋ ተቀምጠው ነው የሠሩት ብዬ ነው የጻፍኩት አለችኝ።

«ስብርባሪ ላይ ማን ይቀመጣል?» አልኳት። «የሠሩትማ ንጹሕ የሆነው ቦታ ላይ ነው። ይሄ መጣያው ነው፤ ልጅና ከብት እንዳይቆረጥ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ፣ እማማ?»

ገበያ ሲወራ ሰማሁ ማለት እችል ነበር። ውሸቱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለውሸት ደግሞ ልምዱ አለኝ። ግን ሁለት የታሰሩ ጣቶቿን አየሁ። የተሰጣትም ጊዜ እያለቀ ነው።

«እናቴ ቆዳ ፋቂ ነበረች» አልኳት። «እኔም ፍቄያለሁ።»

እንደዚያ ቀን ዓይኗ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኔ የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። ከአልጋ ሥር ፎቶውን፣ ሥዕሉን፣ ደብተሩን ሁሉ አውጥታ ፍራሹ ላይ ዘረገፈችው። መዶሻውን ለእናትሽ ሱቅ ስጪ፣ አሎሎ ድንጋይ ፈልጊ አልኳት። የትልልቆቹንና ያማሩትን ባልጩቶች ሥዕል፣ ዋነኛ መሣሪያ ብላ ለብቻ አስቀምጣለች፤ ትንንሾቹንና ዱልዱሞቹን ውዳቂ ብላቸዋለች። ተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ ገና ሥራ ያልነካው ነው። ትንሿ ግን በእንጨት እጀታዋ ላይ በሙጫ ተጣብቃ፣ ስትፍቅ፣ ስትሳል፣ እንደገና ስትፍቅ ኖራ ያለቀች ናት፤ እናቴ እንዲህ ጥፍር እስክታክል ድረስ ሳትጨርሳት አትጥላትም ነበር። አንዱን ፎቶ ሳይ ደግሞ ሳቄ መጣ። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ተሰብሯል። ይሄ የምትማር ልጅ እጅ ነው፣ ፈርታ ነው የመታችው፣ እናቴ በዚህ ስንቴ እንደቆነጠጠችኝ አልኳት። ልጅቷ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው እኮ እማማ አለችኝ። እንግዲህ ያኔም እናት ነበራታ አልኩ።

ከዚያ ጠርዙ የሚያብረቀርቅ አንድ ባልጩት አሳየችኝ። ይሄ ቆዳ አልነካም አልኳት። ቆዳ ድንጋዩን ያዶለዱመዋል፣ ያሟልጠዋል፤ እንዲህ የሚያብረቀርቀው ሣር ሲያጭዱበት ነው። እኛ ማሳ ስላልነበረን፣ በክፉው ወር እናቴ ዘለላ ያወጣ የዱር ሣር በባልጩት እያጨደች ታመጣ ነበር። ፍሬው ከአሸዋ አይበልጥም። እንዳይረግፍ ጎህ ሲቀድ ጤዛው ሳይደርቅ ነው የሚታጨደው።

ልጅቷ እየጻፈች፣ ታዲያ ሰው መልቀም ትቶ መዝራት የጀመረው እንዴት ይመስልሻል አለችኝ። ጥያቄው አልገባኝም። ማን ተወ? እናቴ ጫካው ዳር ቦዬ የሚባለውን የሐረግ ሥር ስትቆፍር ሐረጉን ተከትላ ትወርዳለች፤ የሚበላውን ሥር ቆርጣ ታወጣና አናቱን መልሳ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትቀብረዋለች። ቅጠል ታለብሰዋለች። በዓመቱ ተመልሰን እናገኘዋለን። አንዳንዱን አናት ደግሞ ይዛው ትመጣና ከጎጇችን ጀርባ ትቀብረዋለች፣ መንገዱ እንዳይርቅባት። ይሄ መልቀም ነው መትከል? አለችኝ ልጅቷ። እናቴ ስም አላወጣችለትም፣ ቦዬ ነው ያለችው አልኳት። ልጅቷ የጻፈችውን ቀዳ ጣለችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ልጄ ከሱቅ ስትገባ ነገርናት። በሩን መለስ አደረገች። ከዚያ በጣቷ ወደ ጎረቤቴ ግድግዳ እያሳየች፣ እሷ ብቻ እንዳትሰማ አለች። ችግሩ፣ ልጅቷ በማግሥቱ ስትነግረው መምህሩ በዓይኔ ካላየሁ አልቀበልም አለ። ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ ላሳየው አስቤ ነበር። ሁለት ቀን ዞርኩ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆሜ ታክሲዎቹን ሳይ ዋልኩ፣ አንድ እሥር ጤና አዳም እንኳን አልሸጥኩም። ተደብቄ ካሳየሁት ልጅቷም ተደብቃ ልትጽፈው ነው። የእናቴን ሥራ እንደ ሌባ ዕቃ ጓሮ ለጓሮ ላስዞራት ነው። ይምጣ አልኩ።

መምህሩ ቅዳሜ መጣ። ሽበታም ሰው ጠብቄ ነበር፤ ለጋ ጎረምሳ ነው። እማማ፣ አስቸገርኩዎት እንዴ፣ ቢደክምዎ ይቆየን እያለ ዝቅ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። የግቢው ሰው በሙሉ ወጣ። ጎረቤቴም በሯ ላይ ቆመች። ቧንቧው አጠገብ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩ፣ አሎሎውን ያዝኩ። የመጀመሪያው ምት ከሸፈ። ሁለተኛውም። አንዱ፣ መንገድ ሥራ ይሻላል አልኳችሁ አለ፣ ሳቁ። በሦስተኛው ባልጩቱ ያንን የማውቀውን ድምፅ ሰጠ፣ ጥርት ያለውን፤ ስስ ፍንካች መዳፌ ላይ ወደቀች። ሳቁ ቆመ። መምህሩ ተንበርክኮ አያት፣ ከዚያ ማን አስተማረዎት አለኝ።

«እናቴ ናት» አልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ነው የተናገርኩት። «ቆዳ ፋቂ ነበረች።»

ወደ ጎረቤቴ አልዞርኩም። በሯ ሲዘጋ ግን ሰማሁ።

ሰባት ሳምንት አልመጣችም። ቧንቧ ላይ ስንገናኝ እግዜር ይመስገን ብላ ታልፋለች። ልጇ ስትወልድ እልልታውን በግድግዳ ነው የሰማሁት፤ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩና ወንድ ነው አልኩ ለራሴ። ልጄ፣ ነግሬሽ ነበር አላለችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ሰኔ ማለቂያ ላይ ልጅቷ በዝናብ በስብሳ እየሮጠች ገባች። ጽሑፏ አልፏል። መምህሩ ስለ ቦዬው የጻፈችውን ለሌሎቹ ሁሉ አንብቦላቸዋል፤ ሰው መልቀሙን በአንድ ቀን አልተወም፣ እየለቀመ ነው መትከል የለመደው ያለችበትን። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እናቷም አለቀሰች። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሆኖም የምሥራቹን ለመንገር ግድግዳውን ሁለቴ ላንኳኳ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ የልጇ ልጅ ክርስትና በተነሣ ማግሥት፣ ምሳ ቀርቦልን እያለ በራችን ተከፈተ። ጎረቤቴ ናት። እርጥብ የበግ ቆዳ በፕላስቲክ ሳፋ ይዛለች። ቤቱ መሀል አስቀመጠችው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታታልዪኝ» አለችኝ።

«አልጠየቅሽኝም።»

«ብጠይቅሽስ ትነግሪኝ ነበር?»

«አልነግርሽም» አልኳት።

ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። አጎዛ ይሁንልኝ፣ ለሕፃኑ ማስተኛ ነው አለችኝ፤ ቆዳ ገዢው ሲለምናት እምቢ ብላዋለች። ከቆመችበት አልሄደችም። ልጄ ተነሥታ ውኃ አስታጠበቻት። እጄ ያለበት ትሪ ጋ ቀርባ ተቀመጠች። እጇ እንጀራው ላይ ደርሶ ትንሽ ቆመ፤ አይቻለሁ፣ አላየሁም አልልም። ሰባ ዓመት የለመዱት ነገር በአንድ ጊዜ አይለቅም። ከዚያ ቆረሰች፣ በላች። ሽሮው ጨው በዝቶበታል አለች።

ከምሳ በኋላ ቆዳውን ግቢ አወጣነው። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣች፣ ይሄን ደግሞ ማየት አለብኝ ብላ። ባልጩቷን ካዘጋጀሁላት የእንጨት እጀታ ላይ አጥብቄ ጎንበስ አልኩ። ቆዳ ካልተወጠረ አይፋቅም፣ አንድ ሰው መያዝ አለበት። ጎረቤቴን ቀና ብዬ አየኋትና ያንን ጫፍ ያዢልኝ አልኳት። ቀሚሷን ሰብስባ ቁጭ አለችና ያዘችልኝ።

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ» አልኳት። ጠበቅ አደረገችው።