ቁም ሳጥን ላይ የቀሩት ቅርጫቶች

ገልባጯ የሚለውን ስም ያወጣላት እንጨት ጠራቢው ነው። የእጅ ሥራ ባዛር በደረሰ ቁጥር ዕቃ ልትመርጥ ወደ መሥሪያ ቤቱ ትመጣለች፤ ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ የተደረደረውን ሳህንና ጎድጓዳ ሁሉ አንድ በአንድ እየገለበጠች ሥሩን ታያለች። «አንቺ ሴት፣ እንደ አሸዋ መኪና ሳትገለብጪ አትሄጂም?» አላት አንድ ቀን። ስሙ በዚያው ጸና። እሷም ቅር አላላትም። ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል፤ ሠሪው ታክቶት እንደሆነ፣ ቸኩሎ እንደሆነ፣ ማን ያየዋል ብሎ እንደሆነ የሚታወቀው ከሥር ነው ባይ ናት።

ባዛሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የእሷ ጠረጴዛ ከአዳራሹ በር ገባ ብሎ በስተቀኝ ያለው ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። እዚያች ላይ ዕቃው እንዲወጣለት የማይለምን ሠሪ የለም፤ እሷ ያሳለፈችውን ገዢ ዓይኑን ጨፍኖ ይወስዳልና። ስለዚህ ትጨክናለች። ከገበሩ ሥር የማስቲሽ ጠብታ ስላየች ብቻ የቆዳ ሰፊውን ስድስት ቦርሳ በአንድ ቀን መልሳለች። ሸክላ ሠሪዋንም አንዴ አስለቅሳታለች። ግን ምክንያቱን ሳትናገር መልሳ አታውቅም። «እዚህ ጋ ቸኩለሻል» ትላለች በጣቷ እያሳየች፤ ሠሪዋም ተቆጥታም ቢሆን በሚቀጥለው ባዛር የተሻለ ይዛ ትመጣለች።

«አንቺኮ ሰው አታውቂም» አላት እንጨት ጠራቢው ሰሞኑን፣ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ወደ ጎን ስታደርግበት። «እህትሽንስ እንዲሁ ትመልሻታለሽ?»

«እሷንማ ከሁሉ አስቀድሜ!» አለች።

ውሸት ነበር፤ ያውም ዓመት ተመንፈቅ የኖረ ውሸት።

እህቷን እትዬ ነው የምትላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት ገልባጯ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እትዬ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ዳረቻት። ትዳሩ ሲፈርስም «ምን ትቆሚያለሽ በር ላይ? አልጋሽ እዚያው ነው» ብላ አስገባቻት። አሁን ገልባጯ ሁለት መንገድ ተሻግራ የራሷ ቤት አላት እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች አልጋ ላይ ነው ያገገመችው።

እትዬ ሣር ቀለም እየነከረች በወስፌ ቅርጫት ትሰፋለች። ክዳን ያላቸው ቀይና ጥቁር ቅርጫቶቿን ገዢዎች ገና ባዛሩ ሳይከፈት ይጠይቃሉ። እህቷን ሙያውን ያስተማረቻት ደግሞ በራሷ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣ ሞከረች፤ አልሆነም፤ ልጅቷ ግራኝ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን በቀኝሽ ያዢ ብሎ እጇን ይመታት ነበር። እትዬ ግን ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ለልጅቷ መስታወት እንደማየት ሆነላት፤ የእትዬ ቀኝ እጅ በሄደበት የእሷ ግራ ተከተለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእትዬ ቅርጫት ከእምብርቱ ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን ሲዞር የታናሽየዋ ወደ ሌላው ይዞራል። ለሌላ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው።

ስትሳሳት እትዬ ቅርጫቱን ትገለብጥና አውራ ጣቷን ከሥሩ ላይ አስሮጣ «ፍቺው» ትላለች። ቁጣ የለ፣ ማባበል የለ። ልጅቷ ትነፋረቃለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትሰፋለች። አንዲቷን ቅርጫት ሰባት ጊዜ አስፈትታታለች። መገልበጥን ገልባጯ ከማን ተማረችው ቢባል እንግዲህ ከዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት ተመንፈቅ በፊት ነው። እትዬ ለባዛሩ ካመጣቻቸው ቅርጫቶች አንዷን ገልባጯ ስትገለብጥ አንድ ረድፍ ስታ አገኘቻት። ትንሽ ነገር ነው። በእትዬ እጅ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ደክሟት ይሆናል ብላ ዝም አለች። ቅርጫቷን ቤት ወስዳ በአንሶላ ጠቀለለቻትና ቁም ሳጥኗ ላይ ሰቀለቻት፤ በምትኳ ያንኑ የምትመስል ራሷ ሰፍታ፣ የእትዬን ስም የያዘውን ካርድ አንጠልጥላ ጠረጴዛው ላይ አወጣች። ተሸጠች። «ወዲያው ነው የሄደችው!» ብላ ለእትዬ ነገረቻት፤ እትዬም እንደ ልጅ ደስ አላት።

በሚቀጥለው ባዛር የማይሆኑት ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ ሦስት። አንሶላው እየወፈረ ሄደ።

በዚህ መሐል የእትዬ ጎረቤት የሆነችው ነርስ አንድ ነገር አየች። እትዬ በሩን ስትወጣ ትከሻዋ መቃኑን ይመታል፤ ከጎኗ የቀረበላትን ብርጭቆ ትደፋለች። ሳትለቃት ሐኪም ቤት ወሰደቻት። «የዓይን ግፊት ነው» አለ ሐኪሙ። «የጠፋው አይመለስም። ጠብታውን በየቀኑ ካደረጉና ክትትሉን ካላቋረጡ ግን የቀረውን እናቆየዋለን።»

እትዬ ጠብታውን አንድ ወር አደረገችና ያቃጥለኛል ብላ ተወችው። ቀጠሮውንም ዘለለችው። ነርሷ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ አልሰማ አለች።

«ዓይኔ ቢታመም ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው ስፌቴን ይሻማ ነበር?» አለች አንድ ቀን፣ ሦስቱም ባሉበት። «እስቲ ንገሪያት ግራኜ፤ አንቺ ነሽ የምትገለብጪው። ሥራዬ ጎድሏል?»

ነርሷ ዞራ ገልባጯን አየቻት። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም ነበር፤ ተመቻችቶ፣ ተጠርቶ፣ አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። እሷ ግን የእትዬን ፊት አየች፤ በዚያ ፊት ላይ ያለውን ኩራት አየች፤ ፈራች።

«ኧረ እንዲያውም እያማረብሽ ነው የመጣው እትዬ» አለች።

ይቺን ቃል መልሳ ልትውጣት ስንት ጊዜ እንደተመኘች እሷና ትራሷ ያውቃሉ። ስትመኝ ግን ባዛሩ ደረሰ። በዚህኛው አምስት ቅርጫት ወደቀ፤ ማለትም እትዬ ካመጣችው አንድም አላለፈ። ገልባጯ ሁሉንም ራሷ ሰፋች።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አንዲት ገዢ ቀይና ጥቁሯን ቅርጫት ይዛ ክዳኗን ከፈት ዘጋ ስታደርግ ገልባጯ ቀና ብትል እትዬን አየቻት። የክት ልብሷን ለብሳ፣ የነርሷን ክንድ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሐል እየመጣች ነው። እትዬ ግርግር ስለማትወድ አንድም ቀን ባዛር መጥታ አታውቅም።

«ድንገት እናስደስታት ብለን ነው!» አለች ነርሷ ከሩቅ እየሣቀች።

ገዢዋ ካርዱን አነበበችና «እርስዎ ነዎት እንዴ የሰፉት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ፣ ፊቷ በርቶ። «እስቲ ልጄን አንዴ ልያዛት።»

ቅርጫቷን ተቀበለችና፣ የድሮ ልማድ ነውና፣ ገለበጠቻት። አውራ ጣቷ ከእምብርቱ ተነሥቶ አንድ ዙር ሄደ። ቆመ። ተመለሰና እንደገና ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ለገልባጯ የገባት። ቀለሙን አመሳስላለች፤ ረድፉን ቆጥራለች፤ እትዬ ማሳረጊያው ላይ የምታደርጋትን አንዲት ቀይ ስፌት እንኳ አልረሳችም። ዙሩን ግን አላሰበችውም። ግራ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ራሱ ወገን አዙሮታል። የሰው ሁሉ ዕቃ ስትገለብጥ የኖረች ሴት የገዛ ሥራዋን አልገለበጠችም።

እትዬ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሄደ። ከዚያ ወደ ገዢዋ ዞረች። «ጥሩ ሥራ ነው። ረድፉ ጥብቅ ነው፤ ውሰጂው፣ አትቆጪበትም» አለች። «ካርዱን ግን ለኔ ተዪልኝ።» ክሩን በጣቷ ፈልጋ በጠሰችና ካርዱን ኪሷ ከተተችው።

ገዢዋ ስትሄድ ወደ እህቷ ጠጋ አለች። «የኔዎቹስ የት ናቸው?»

«ቁም ሳጥኔ ላይ።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ነገ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ» አለችና ነርሷን «ሰው በዝቷል፣ እንሂድ» አለቻት። ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ገልባጯ የቀረውን ሰዓት ምን እንደሸጠች፣ ለማን እንደሸጠች አታውቅም።

እሑድ ጠዋት አንሶላውን ተሸክማ ስትገባ እትዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። የተነከረው ሣር በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ እግሯ ሥር ነው፤ የዓይን ጠብታው ጠርሙስ አቧራ ለብሶ መስኮቱ ደፍ ላይ ቆሟል።

«በቅደም ተከተል አልጋው ላይ ደርድሪልኝ። የመጨረሻዋን ከኔ ዘንድ፣ የመጀመሪያዋን ወዲያ ጫፍ።»

ደረደረች። እትዬ የቀረበቻትን አንሥታ ገለበጠች። «ውይ! ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ ወይስ ድመቷ?» አለች። ገልባጯ ሳታስበው ሣቀች፤ ሣቋ ወዲያው አፏ ላይ ደረቀ። «ወዳቂ» አለች እትዬ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺም ወዳቂ። አንቺ ትገለብጫለሽ ብዬ እኔ መገልበጥ ትቼ ነበር። ይቺንስ ለጠላትሽም አትስጪ።» እያለች እያለች ቀልዱ አለቀባት፤ ጣቷ ብቻ ሲሄድ ቆየ። አልጋው ላይ አንዲት ቀረች።

ይቺን በአውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ ዞረቻት። «የመጀመሪያዋ ይቺ ናት?»

«አዎ እትዬ።»

«አንድ ረድፍ ብቻ ነው የሳተችው።»

«አንድ ረድፍ ብቻ ነው።»

«ይቺን ስሰፋ ማዶ ፎቁ ላይ የሚሰጣውን ልብስ አይ ነበር፤ ቀለሙን ሳይቀር። አሁን መሐሉ ላይ ትንሽ ብርሃን አለ፤ ዳር ዳሩ ሁሉ የለም።»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እኮ» አለች ገልባጯ።

«እንጨት ጠራቢውን ስትመልሺው ይከፋው የለ?»

«ይከፋዋል።»

«ግን ትነግሪዋለሽ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን ብለሽ ናቅሽኝ?»

ገልባጯ ስለምወድሽ ነው ልትል ነበር። እውነትም ትወዳታለች፤ በዓለም ላይ ከእትዬ የምታስበልጠው ሰው የለም። ግን ፍቅሯ ምን እንዳደረገ ወለሉ ላይ ተደርድሮ እያየች ያን ቃል ማውጣት አልቻለችም። አለቀሰች።

«አንዲቷን ቅርጫት ሰባት ጊዜ አስፈትቼሻለሁ» አለች እትዬ። «አንቺ አንድ ቀን ፍቺው ማለት አቃተሽ?» ጠርሙሱን በእጇ ዳብሳ አገኘችው፤ ወደ ጎን አደረገችው። «ነገ ሐኪሙ ዘንድ ትወስጂኛለሽ። የቀረ ነገር ካለ።»

«እሺ።»

ከዚያ ወስፌዋን ከመስኮቱ ደፍ አነሣችና የመጀመሪያዋን ቅርጫት ጨምራ ዘረጋችላት። «በይ ፍቺው» አለች። «እኔ ጫፉ አይታየኝም።»

ገልባጯ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ማሳረጊያዋን ቀይ ስፌት ፈልጋ አገኘችና መፍታት ጀመረች።