የሉሴያኔ መዝሙርና የባሌ እህት

ባሌ ሲዮሳያ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ነው። ልጃችን ሉሴያኔ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች የሰማችው የእሱን መዘምራን ነው፤ ስትወለድም የጠበቀው በመዘምራኑ መሃል በአልቶ ድምፅ የምትዘምር አንዲት ጨዋ ልጅ ነበር። የወጣችለት ግን ጊታር አንጠልጥላ ምላሷ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚሮጥ ልጅ ናት።

የምትሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ትነዳለች። እዚህ በስደት በምንኖርበት ማውንት ድሩይት ካለው የቶንጋ ልጅ ግማሹ የመጋዘን ሠራተኛ ስለሆነ ይሄ ማንንም አይገርምም። የሚገርመው በምሳ ሰዓት ሌላው ሲያንቀላፋ እሷ ካርቶን ላይ ተቀምጣ መዝሙር መድረሷ ነው። አጀማመሩ ለስለስ ያለ ነው፤ እሷና ጊታሯ ብቻ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ሂፕ ሆፕ ይሆንና ቃሉን ትደረድረዋለች፣ ትደረድረዋለች፣ እኔ እናቷ በእሷ ፈንታ ያልበኛል። የምትዘምረው ስለ ኢየሱስ ነው። ስለ ኢየሱስ፣ ስለ ሌሊት ፈረቃ፣ ስለሚዘገየው ባቡር፣ አንዴ ደግሞ ስለ እኔ የጉልበት ሕመም። ጉልበቴ ጌታ ፊት እንዲቀርብ እኔን ማንም አላስፈቀደኝም።

ጠቡ የተነሳው በመዘምራን ልምምድ ቀን ነው። አዳራሹ ውስጥ ለወጣቶቹ አዲሱን መዝሙሯን እያሰማች ሳለ አባቷ መዘምራኑን የሚመራበትን ዘንግ ይዞ ገባ። መዘምራኑ ሁሉ ከኋላው ነበሩ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«መዝሙር ነው፣ አባዬ።»

«መዝሙር በአራት ድምፅ ነው። ይኼ የጨረታ ጩኸት ነው።»

ሰው ሳቀ። ባሌ ቀልድ ሲሳካለት ደረቱ ይነፋል። ሉሴያኔ ግን ቀና እንኳ ሳትል ጊታሯን እየቃኘች «ታዲያ ተጫረታ» አለችው። የወፍራም ድምፅ ዘማሪዎቹ፣ የባሶቹ አለቃ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት። ባሌ ፊቱ ጠቆረና «እኔ እዚህ መሪ እስከሆንኩ ድረስ ይኼ ነገር በዚህ አዳራሽ አይዘመርም» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሲዮሳያ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው ብለው ያመሰግኑታል። አብሮ መኖሩን ለእኔ ትተው ማመስገኑ ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ልጄ ወጥ ቤት መጣችና እኔን ሳታይ «እማ፣ ከተማ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በየእሑዱ እንድዘምር ጠርቶኛል» አለችኝ።

«እኛስ?»

«እዚህ አፌን ዘግቼ እስከ መቼ ልቀመጥ? ከመጪው እሑድ ጀምሮ ነይ ብለውኛል። እዚህ ከተፈቀደልኝ እቀራለሁ። ካልተፈቀደ እሄዳለሁ።»

ምን ልበላት? ጡት ከጣለች ጀምሮ እሑድ እሑድ የተቀመጠችው አጠገቤ ነው። የሄዱትን ልጆች አይቻለሁ። መጀመሪያ ለአንድ እሑድ ይቀራሉ፣ ቀጥሎ ለገና ብቻ ይመጣሉ፣ ከዚያ እናትየው «ልጅሽ ደህና ናት?» ሲሏት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳያለች። እኔ ፎቶ ማሳየት አልፈልግም ነበር። ያለችውን ማታውኑ ለባሌ ነገርኩት።

በማግሥቱ ባሌ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ። «እህቴ ከአገር ቤት፣ ከቫቫኡ ደሴት ለወጣቶች በዓል ትመጣለች። የልጅቱን ነገር እሷ ትፍረድ። ንገሪያት» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በእኛ ዘንድ የአባት እህት ከአባት በላይ ናት፤ በወንድሟ ልጆች ላይ የተናገረችውን አባትየውም መጋቢውም አይነቀንቀውም። ወንድምና እህት ደግሞ እንደ ጓደኛ ተቀምጠው አያወሩም። እሷ ስትገባ እሱ ተነስቶ ይወጣል፣ በመካከላቸው ያለ ነገር ሁሉ የሚመላለሰው በእኔ በኩል ነው። እህቱ እትዬ ፉሲፓላ ደግሞ ማን እንደሆኑ አገር ያውቃል። ጉልበቷ የታየ ሙሽራን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መልሰዋል። አንድ ሰባኪ ነገር ሲያንዛዛ መዝሙር አንስተውበት አስቀምጠውታል። እኛ ተናጋሪን «ዝም በል» አንልም፤ አንድ ትልቅ ሰው መዝሙር ያነሳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ተናጋሪው ይገባዋል። ባሌ በራሱ እጅ ላለመምታት ዱላውን ለእህቱ ሊያቀብል ነው ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ማኩረፌን እንኳ አላስተዋለም።

እትዬ ፉሲፓላ መጡ። በኮኮናት ወተት የበሰለውን የጎደሬ ቅጠልና ሥጋ አቀረብኩላቸውና ጠግበው እስኪያበቁ ጠበቅሁ።

«እትዬ፣ ሲዮሳያ የሉሴያኔን ነገር እርስዎ ይፍረዱ ይላል።»

«ምን አጥፍታ?»

«ትዘምራለች።»

«እሱ ኃጢአት ከሆነ ሁላችንም አልቆልናል።»

«አይ፣ በጣም ቶሎ ቶሎ ነው የምትዘምረው። ልክ… እንደ ራፐሮቹ።»

ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። «ቅዳሜ በበዓሉ ላይ በሰው ፊት ትዘምር። ካልጣመኝ መዝሙር አነሳለሁ። ይኼን ለወንድሜ ንገሪው» አሉ። ነገርኩት። ሰማኝና ሣር ሊያጭድ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እኔ የባሌ ዘመዶች ባሉበት ቦታዬ ወጥ ቤት ስለሆነ ምግብ በሚቀበሉበት መስኮት በኩል ነበር የማየው። እትዬ ፉሲፓላ ከፊት ተቀምጠዋል። ባሌ እህቱ ከውስጥ ስላሉ ደጅ፣ ክፍቱ በር አጠገብ ቆሟል። ሉሴያኔ ለክብር ወገባችን ላይ የምንታጠቀውን ምንጣፍ አጥብቃ፣ ጊታሯን ይዛ ወጣች። መልኳ ሄዷል።

ለስላሳው ክፍል ደህና አለፈ። አንዳንድ አሮጊቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ተወዛወዙ። ከዚያ መጣ እንግዲህ። ቃሉ ተንጣጣ፤ ጌታ፣ መጋዘኑ፣ እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩት፣ የአያቶቿ ስም፣ የእኔ ስም። እትዬ ፉሲፓላ ስኒያቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

 ባሶቹ የሚነሳውን መዝሙር ሊቀበሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ልጄም አየቻቸው። አላቆመችም፤ ድምፅዋ ግን ቀጠነ። እኔ የድስት ክዳን አቅፌ «ጌታ ሆይ፣ የሴትየዋን አፍ ያዝልኝ» እያልኩ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

መዝሙር አላነሱም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ሉሴያኔ አየር ልትስብ ስትቆም «ለምን ተነፈስሽ?» አሏት።

«አቤት፣ አክስቴ?»

«አባቴ ሲነጋ እንዲህ ነበር የሚጸልየው። ዓሣ ሊያጠምድ ከመውጣቱ በፊት የቤቱን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ፣ ማዕበሉንም፣ የጎረቤቱንም አሳማ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። አንቺ መሃል ላይ ተነፈስሽ። እንደገና በይው።»

እንደገና አለችው። እትዬ ፉሲፓላም እኛ የገዛ ልጃችን ሰው ፊት ሲያምርበት እንደምናደርገው አጠገቧ ወጥተው ይጨፍሩ ጀመር፤ ያውም እንደ ሕፃን እየተቀለደ የሚጨፈረውን። እኒያ ሙሽራ የሚመልሱ ሴትዮ! ሰው በሳቅና በጭብጨባ አዳራሹን ነቀነቀው። መጋቢው ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ፤ ምን ምርጫ አላቸው? ባሶቹም የጠረጉት ጉሮሮ በከንቱ እንዳይቀር አዝማቹን በአራት ድምፅ ተቀበሏት። እኔ የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ታወቀኝ። እፎይ።

ዓይኔን ጠርጌ ለባሌ ምግብ ይዤ ወጣሁ። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናዎቹ እያየ ነበር።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እህትህ ፈቀዱላት። ልጅቱ መሄዷ ቀረ።»

«እሷ ካለች አለች። እኔ ምን እላለሁ?»

የሁለት ቀን ኩርፊያዬ ገነፈለ። «እንደሚከለክሏት እርግጠኛ ሆነህ አይደል የላክኸኝ!»

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ሴይኒ፣ አባታችን በአንድ ትንፋሽ ሲጸልይ እኔም እኮ እዚያው ቤት ነበርኩ» አለ። ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ «በሰው ሁሉ ፊት የተናገርኩትን ቃል፣ ከእህቴ በቀር ማን ይሽርልኝ ነበር?»

ልጄ እንዳትሄድ ስፈራ የከረምኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።