የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ

ሠላሳ ዓመት ባሕር ማዶ ኖሬ ስመለስ፣ በኢሕአዴግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ወልቂጤ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተማርኩ። «ጥያቄ አለ?» ስል ሁሉም ጣሪያ ያያል። በኢንተርኔት የሰጠሁትን የቤት ሥራ ግን ክፍሉ በሙሉ ዘጠና ዘጠና አመጣበት። አንዷን የንብረት እርጅና ቅናሽ ጥያቄ ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳቷት።

ተናድጄ ተማሪዎቼ ወደሚያዘወትሩት ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ፊት የተማሪዎቼ ፓስወርድ የተጻፈበት ደብተር ተዘርግቷል።

«አንቺ ነሽ የተማሪዎቼን የቤት ሥራ የምትሠሪላቸው?»

«አዎ እትዬ። ፓስወርዳቸውን ትተው ይሄዳሉ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እሠራዋለሁ።»

«የት ተማርሽ?»

«አስረኛ ክፍል ወደቅኩ። እነሱ ጥለውት የሚሄዱትን የእርስዎን ሃንድአውት ነው የማነበው።»

ቁጣዬን ሳልጀምር ወንበር ሳበችልኝ።

«ይቺ የእርጅና ቅናሽ ግን አልገባችኝም። እስኪ ያስረዱኝ።»

ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩትን ጥያቄ የጠየቀችኝ፣ ስሟ መዝገቤ ላይ የሌለ ልጅ ናት።