ወደ ቅጥር አምባ የወጡ ድንጋዮች

ከባለቤቴ ከይመር ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። መካነ ሰላም ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ መደቡ ላይ ሰፌዱን በመሃላችን አድርገን፣ የሁለታችንም ዓይን ስለደከመ ምስሩን በመዳፋችን ዘርግተን ወደ ፀሐይ እያዘነበልን እንለቅማለን። ባለቤቴ የሚያገኘውን ጠጠር እንደ ሰው ወደ ውጭ አይወረውርም፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ይደረድረዋል። አርባ ዓመት እንዲሁ ነበር። "ባለ ምስሩ ድንጋይ ሸጠልን" ስለው፣ "እኔ ድንጋዩን ነው የገዛሁት፤ ምስሩን መረቀልኝ" ይለኛል። ያን ቀን ሰፌዱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ ቀና ሳይል፣ "የመሪጌታ ልጅ፣ ያንን ብራና ወደ አማርኛ የምትመልሺው መቼ ነው?" አለኝ።

"ነገ" አልኩት።

"ታዲያ ያለውን እንዳለ ጻፊው" አለና አንድ ጠጠር አስቀመጠ።

እሑድ ራሱን አመመው፤ ሰኞ ቀትር ላይ አረፈ። ምስሩ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ወጥ ሆኖ ቀረበ። ጠጠሮቹ ግን አሁንም መስኮቱ ላይ ናቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። አቧራ ስጠርግ አንድ በአንድ አንስቼ መልሼ በየቦታቸው አኖራቸዋለሁ፤ ባነሳኋቸው ቁጥርም ቅጥር አምባ ከነፍርሃቱ ይመጣብኛል።

ቅጥር አምባ ከከተማው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ አናቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣበት ገደላም ተራራ ነው። እኛ የተወለድነው ከእግሩ ሥር ካለችው የሥላሴ ደብር አጠገብ ነው። ነገሥታቱ በድንኳን ከአገር አገር በሚዞሩበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ግምጃ ቤቱንና ወገኖቹን የሚያኖርበት ብሎ በድንጋይና በኖራ አናቱ ላይ ያስገነባው ግንብ ነበር። እኔ ሳውቀው ጣሪያውም ፎቁም ወድቆ፣ ሾላ በቅሎበት፣ የቆመው የበሩ ቅስትና ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ዙሪያ ቅጥሩ ብቻ ነው። ነፋስ በቅስቱ ሲያልፍ ድምፁ ከታች ከቤታችን ይሰማል። ሌላው ልጅ ነፋስ ነው ብሎ ይጫወት ነበር፤ እኔ ግን የመሪጌታ ልጅ ስለሆንኩ፣ ታሪኩን ስለሰማሁ፣ በውስጡ የተከበቡት ሰዎች የሚጣሩ እየመሰለኝ ጆሮዬን በነጠላዬ እደፍን ነበር።

ጦር መጥቶ አምባውን ከበበ ይላል ታሪኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ግንቡም ተቃጠለ። ከእሳቱ የተረፉት ሰዎች ከተራራው ሥር ተሰብስበው ቃል ተጋቡ፤ ወደ አምባው የሚወጣ ሁሉ፣ ሕፃንም ሽማግሌም፣ ከታች አንድ ድንጋይ ይዞ ይውጣ፣ ቅጥሩ ላይ ያኑር፣ ግንቡ እስኪቆም ድረስ። ከላይ ድንጋይ ማውረድ ግን ግዝት ነው። እኛም ይህንን ከእናት ከአባቶቻችን ተቀብለን፣ የጠፋ ፍየል ፍለጋ ለሚወጣው እንኳ "ድንጋይህን ያዝህ?" እንለው ነበር። ደህና አድርጎ የሚያስቀምጥ አልነበረም፤ ያንዱ ይንሸራተታል፣ ያንዱ ይገለበጣል። አባቴ "በዚህ አያያዛችን ግንቡ ለዕለተ ምጽአት ይደርሳል" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ወንድ ልጅ አልወለዱምና ፊደሉንም ዳዊቱንም ለእኔ አስተማሩኝ፤ የመንደሩ ሰው "ሴትዮይቱን ደብተራ ሊያደርጓት ነው" እያለ ይስቅባቸው ነበር። የአምባው ታሪክ የተጻፈበት ብራናም በእሳቸው እጅ፣ ከቆዳ ማኅደሩ ጋር፣ ከአልጋቸው ራስጌ ተንጠልጥሎ ይኖራል። በየዓመቱ በጥር ሥላሴ፣ ንግሡ ካለፈ በኋላ፣ ሕዝቡ ድንጋይ ድንጋዩን ይዞ ይወጣና አባቴ ቅስቱ ሥር ቆመው ግእዙን እያነበቡ በአማርኛ ይተረጉሙለታል። ሰው ሁሉ የሚጠብቃት አንዲት ቦታ አለች። የተከበቡት ሰባት የእህል ጉድጓድ ነበራቸው፤ አፉን በኖራ ደፍነው በላዩ ላይ ቅጥር ገነቡበት፤ ጠላት ገብቶ ሁሉን ሲያቃጥል እህሉን አላገኘውም። እዚያች ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ እልል ይላሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ብራናውን ራሴ ማንበብ ቻልኩ። ያች ቦታ ስደርስ ጉድጓድ የሚል የለም። "ወኀልቀ እክል" ይላል፤ ቀይ ቀለም እንኳ የሌለው ተራ መስመር ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። አባቴ በሩን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እህሉም አለቀ ማለት ነው" አሉኝ። አምባውን ጦር አልሰበረውም፤ ራብ ነው በሩን ያስከፈተው። ነገር ግን በንግሥ ቀን የራብ ቃል በሕዝብ ፊት አይነበብም፣ አፍ የጠራው ይመጣል ብለው አባቴን ያስተማሯቸው መምህር አዘዋቸዋል። እሳቸውም ከመምህራቸው ነው የተቀበሉት። በዚያ ቃል ፋንታ የአባቴ መምህር ሁለት ጉድጓድ ነበር የሚሉት፤ አባቴ ለጋስ ስለነበሩ ሰባት አደረሱት። "ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ። አልተናገርኩም።

ከዚያ በተከታታይ ሁለት ክረምት ዝናብ ከዳን። ያ የስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን መጣ። እኔ ስለ ራብ የማስታውሰው ከሁሉ በፊት ዝምታውን ነው፤ ዶሮ አይጮህም፣ ውሻ አይጮህም፣ አውድማ ላይ የሚዘፍን የለም፤ በዚያ ዝምታ ላይ የቅስቱ ነፋስ ብቻ ሌት ተቀን ይሰማል። በአቀስታ በኩል ባለው መንገድ እህል ይሰፈራል የሚል ወሬ ደረሰን፤ የሁለት ቀን ተኩል መንገድ ነው። አንዳንዱ ሄደ። የሚበዛው ግን ዶማና ባዶ ስልቻውን ይዞ ወደ ቅጥር አምባ ወጣ። የንጉሡ ሰባት ጉድጓድ እያለ ለምን ይሰደዳል?

አምስት ሳምንት ቆፈሩ። የማይረሳኝ ያኔም ቢሆን ድንጋይ ሳይዝ የሚወጣ አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ እንደ ወትሮው የራስ ያህል ድንጋይ በጫንቃቸው ይዘው ይወጡ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጡጫ ያህል ሆነ፤ በአራተኛው የዕንቁላል ያህል። እኔ ከደጃችን ቆሜ በድንጋያቸው መጠን ማን ምን ያህል እንደደከመ አውቅ ነበር። አባቴ በእነዚያ ቀናት ከቤት አይወጡም፤ ማኅደሩን እያዩ ይቀመጣሉ። እኔም እሳቸውን አይቼ እፈራለሁ፤ ውሸት መሆኑን ሕዝቡ ያወቀ ቀን ይገድላቸዋል ብዬ።

አንድ ጠዋት ምንጩ ዘንድ ይመር አገኘኝ። የጎረቤታችን የአያ አራጋው ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አንገቱ ቀጥኖ ራሱ የከበደው ይመስል ነበር። ታናሽ እህቱ ዘነቡ መራመድ አቅቷታል። አባቱ ተሸክሜያትም ቢሆን ወደ አቀስታ እንሂድ ይላል፤ እናቱ እትዬ የሺ ደግሞ ጉድጓዱ ሊገኝ ሲል ጥለን አንሄድም ትላለች።

"አንቺ ታነቢያለሽ አሉ" አለኝ። "ሰባቱን ጉድጓድ ከብራናው ላይ በዓይንሽ አይተሻል?"

የአባቴ ፊት መጣብኝ።

"አይቻለሁ" አልኩት።

"በሥላሴ በይ?"

"በሥላሴ።"

ሮጦ ሄደ፤ መሮጥ የማይችለው ልጅ ሮጠ። እነ አያ አራጋው ወደ አቀስታ ሳይሄዱ ቀሩ። በስድስተኛው ቀን ዘነቡ ሞተች። ስትቀበር ያለቀሰ አልነበረም፤ ለልቅሶ የሚሆን ጉልበት የነበረው ሰው የለም። እኔ ቤት ገብቼ አልጋ ሥር ተደበቅሁና አባቴ እግሬን ይዘው ሲያወጡኝ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ በወደድሁ። "የእኔን ውሸት አንቺ በሥላሴ ማልሽልኝ" አሉ። ከዚያ ማኅደሩን አወረዱ።

ንግሥ አልነበረም፤ ተራ ማክሰኞ ነው። አባቴ ከፊት፣ እኔ ነጠላቸውን ይዤ ከኋላ ወጣን። የወጣው ሰው ሁሉ ቅስቱ ፊት ቆመ፤ ገና ከታች መምጣታቸው ስለነበር ድንጋያቸውን አላኖሩም። አባቴ ብራናውን ገልጠው ያችን መስመር አነበቡ፤ ተረጎሙትም። "እህሉም አለቀ።" ጉድጓድ የለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት አሉ፤ ጨርሰውም ጥምጥማቸውን አውልቀው በባዶ ራሳቸው ቆሙ።

ያኔ ነው እጆቻቸውን ያየሁት። እያንዳንዱ ሰው ድንጋይ ይዟል። ትንንሽ ድንጋዮች ናቸው፤ ግን ለአንድ ሽማግሌ ራስ ይበቃሉ። ከኋላ አንዱ "መሪጌታ! እኛ ስናልቅ እርስዎ በአፍዎ ጎተራ ይሞሉልናል?" ብሎ ጮኸ። ሌላው ሳቀ፤ ሳቁ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ከዚያ አያ አራጋው ከመሃል ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ልጁን ከቀበረ ሁለት ቀኑ ነው። ቀኝ እጁ ላይ የያዘውን ድንጋይ እንጂ ፊቱን አላየሁም፤ የአባቴን ጉልበት አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ አያ አራጋው ቅጥሩ ዘንድ ጎንበስ ብሎ፣ የማንም ድንጋይ እንዲህ በጥንቃቄ ተቀምጦ አያውቅም፣ እንዳይወዛወዝ በሥሩ ጠጠር እየደገፈለት ነበር። "አብሽሩ መሪጌታ" አለ፤ በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም በጭንቅ ቀን የሚለው ቃል ነው። "ድንጋዬን አድርሻለሁ። አሁን ወደ መንገዱ።"

ከእሱ በኋላ አንድ በአንድ እየመጡ አኖሩ። እትዬ የሺ መጨረሻ መጣች፤ የያዘችው ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጠጠር ናት፤ ከጣቷ መሃል አውጥታ ከባሏ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። ይመር ወደ አባቴ አላየም። ወደ እኔ ነው ያየው። ያየኝም እንደተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ያወቀ ሰው አስተያየት ነው፤ ከራቡም ከነፋሱም የበለጠ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ያን ቀን ተነሥተው ሄዱ። አያ አራጋው ከመንገዱ ደርሶ፣ እህልም ተሰፍሮለት፣ በመጠለያው በገባው በሽታ ሞተ፤ ይመርና እናቱ በበጋው ተመለሱ። በዓመቱ አብዮቱ መጣ፤ መሬት ላራሹ ሆነ፤ እሰየው አልን። ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ይሠራ ተባለና፣ የንጉሥ ግንብ ለማን ይበጃል ተብሎ ቅጥሩን እንድናወርድ ታዘዝን። አባቴ ግዝት ነው ብለው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ወር አሰሯቸው፤ ከወጡ በኋላ ዜማ አልወጣቸውም። ስንት ዘመን ሰው የተሸከመው ድንጋይ በሦስት ሳምንት ወረደ። እኔም አውርጃለሁ፤ ፈርቼ ነው። በሰባ ሰባቱ ራብ የዕርዳታ ስንዴ የተከማቸው በዚያ መጋዘን ነው፤ ድንጋዮቹ ንጉሡ ያጣውን እህል ታች ወርደው አገኙት።

ይመር ሽማግሌ ሲልክብኝ፣ ከመጋባታችን በፊት ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀኝም። አርባ ዓመት በአንድ ጣሪያ ስንኖር፣ ልጆች ስንወልድ ስንድር፣ አንድ ቀን እንኳ "ለምን ማልሽልኝ?" አላለኝም። የመጀመሪያ ሴት ልጃችንን ግን ዘነቡ አላት። በየዓመቱ በጥር ሥላሴ ከመስኮቱ ጠጠር አንሥቶ በኪሱ ይዞ ወደ አምባው ይወጣ ነበር፤ ሲመለስ ምን እንዳደረገ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቀውም ነበር። ያን ቅዳሜ "ያለውን እንዳለ" ያለኝ ስለ ብራናው ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ሰፌዱን ሳነሣ ነው። ለምን እንደማልኩለት ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ማታ ግን ደክሞት ተኛ።

ዛሬ ከቅጥሩ የቀረው እስከ ጉልበት ነው፤ ከቅስቱ ግን ምንም አልቀረም። ነፋሱም የሚያልፍበት በር ስላጣ ድምፁ የለም፤ ልጅ ሆኜ ጆሮዬን የደፈንኩበትን ያን ድምፅ አሁን ብሰማው ደስ ባለኝ። ወጣቶቹ ፎቶ ለመነሣት ይወጣሉ፤ "ድንጋይህን ያዝህ?" የሚላቸው የለም። ታሪኩን የሚያነብ የለም፤ አባቴ አልፈዋል፤ ምንጭ ዳር እውነቱን ጠይቆኝ መልሱን ሲጠብቅ የኖረው ያ ልጅም አሁን የለም።

ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ብራናውን በቀን አንድ መስመር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ትናንት "እህሉም አለቀ" የሚለውን ጻፍኩ።