ማሾ በማጣሪያው ውስጥ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሞተር ሳይክሉን ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር አቁሜ የማስነሻውን ፔዳል ስረግጥ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ነገ ይመጣል። ሞተሩ የሱ ነው። ለሥራ ወደ አፋር ሲወርድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ "አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጥ" ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰጥቻለሁ።

የሰጠሁት አብሮ አደጌ ለሆነው ጓደኛዬ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ካለው ሰፈራቸው በእግሩ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ።

"እማዬ ታማለች። ሲያስመልሳት ነው ያደረው። እኛ ጋ ባጃጅ አይገባም፤ ሐኪም ቤት ላመላልሳት" አለኝ።

እናት ታማ አደራ አይነሳም ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት።

ማክሰኞ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረደኝና የቀረውን በፀሐይ በእግሬ ጨረስኩት። ልጇ መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቷል ተባልኩ። እሷ መደቡ ላይ ተኝታለች፣ ግንባሯን በሻሽ አስራ። እኔም እማዬ ነው የምላት። እጄን ይዛ፣ "የኔ ልጅ፣ አላህ መንገድህን ያቅናልህ። በሞተርህ ነው የተረፍኩት" አለችኝ። ሻሿ ጠርዝ ላይ ቀጭን ገለባ ተሰክቶ ነበር። አየሁት። ያየሁትን ደብተር ላይ በግጥም የመጻፍ አመል አለኝ፤ የዚያን ቀን የጻፍኩት ግን ስለ እጇ ሙቀት ነው። ገለባውን አልጻፍኩትም።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሞተሩ ተመለሰ። ታጥቦ ነበር። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ግን ሌላ ሞተር ሆነ። ይነሳል፤ ቆሞ ሲንደቀደቅም ደህና ነው። ነዳጅ ስሰጠው ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ከቤታችን በላይ ያለችውን ትንሽ ዳገት እንኳ መውጣት አቃተው። ለጓደኛዬ ደወልኩለትና መጣ። ስለ ሞተር የምናውቀውን ሁሉ የተማርነው በአንድ ስልክ ቪዲዮ እያየን አብረን ስለሆነ፣ ከሱ ሌላ የምጠራው ሰው አልነበረኝም።

"ስትመልሰው እንዲህ ያደርግ ነበር?" አልኩት።

"ወላሂ ደህና ነበር። ቤንዚኑ ይሆናል፤ ከየመንገዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየገዛህ።"

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታሁት። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሷል። "ወይ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይ አየር አንሶታል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እንየው" አልኩ።

"ባለፈው ወር አጥበነው የለ? አንተ ደግሞ አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ እንደምትሰርዘው የታጠበ ልታጥብ ነው? ካርቡራተሩን ፍታ።"

ሳቅኩና ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታሁ። ብሎኖቹን ተቀብሎ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ በየተራቸው ደረደረልኝ። ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ክር ወጋሁ፣ በአፌ ነፋሁ፤ ንጹሕ ነበሩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ በእጅጌው ጠረገልኝ። ገጠምኩት፤ ያው ነው። እንደገና ፈታሁት። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሆንን።

የአስር አዛን ሲሰማ ተነሳ። "ሰግጄ መጣሁ። አንተ እሱን ግጠም፤ ሌላ እንዳትነካካ" አለኝ።

እንዳትነካካ ባይለኝ ኖሮ አልነካም ነበር። የጎኑን ክዳን ከፈትኩና ማጣሪያውን ሳብኩት። ስፖንጁ አይታይም። ገለባና ትቢያ ማጣሪያው ከሚቀባው ዘይት ጋር ተጣብቆ እንደ ጭቃ ለስኖታል። የማጣሪያውን ሳጥን ዘቅዝቄ ስነቀንቀው ሦስት አረንጓዴ ፍሬዎች እግሬ ሥር ወደቁ።

ማሾ ነበር።

እኛ አገር ማሾ ሲደርስ ትራክተር ያለው በትራክተር፣ ባጃጅ ያለው በባጃጅ አውድማው ላይ እየዞረ ያስረግጠዋል። በሞተር ሳይክል ሲሆን በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ በገለባ አቧራ ውስጥ መዞር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ።

ካርቡራተሩን ገጥሜ ያለ ማጣሪያው አስነሳሁት። ነዳጅ ስሰጠው ጥርት ብሎ ጮኸ። ድምፁን ሰምቶ ነው መሰል ጓደኛዬ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፍሬዎቹን በመዳፌ ይዤ አሳየሁት።

"ደመናውን አይተኸው የለ?" አለኝ። "ዝናብ ቢደርስበት የዓመት ልፋታችን ይበሰብስ ነበር። ትራክተሩ ወረፋ ነው።"

"እማዬስ?"

"ታማለች በለው ያለችኝ እሷ ናት።"

ፍሬዎቹን እዚያው እግሬ ሥር ጣልኳቸው።

"ለአውድማ ብልህ ትሰጠኝ ነበር?" አለ።

"አልሰጥህም ነበር።"

"እንግዲህ!" አለ፣ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ፤ ብሎኖቹ ከነበሩበት ክዳን አጠገብ ቁጭ ሊል ሲል፣ "ሂድ" አልኩት። ሄደ።

ሞተር መውሰዱን አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። ደህናውን ካርቡራተር ሁለቴ ሲያስፈታኝ ላቤን መጥረጉን ግን እንዴት አድርጌ እንደምረሳው አላውቅም። የእናቱም ምርቃት እንደዚያው ነው። ስትመርቀኝ ከልቧ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ የመረቀችኝ ግን ለማሾዋ ነው።

ማጣሪያውን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ ገጠምኩት። ወንድሜ ዓርብ መጣ። ሻንጣውን ሳያስገባ ሞተሩን አስነስቶ ጭንቅላቱን አዘንብሎ አዳመጠው። ከውስጥ ቀጭን፣ አዲስ ኳኳታ ነበረው። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን በአንደኛ ማርሽ የዞረ ሞተር ማጣሪያው ስለታጠበ ብቻ ወደ ነበረበት አይመለስም።

"ለማን ሰጥተኸው ነበር?"

ጓደኛዬን ብጠራ እናቱንም መጥራት ነው። እማዬ ውሸታም ናት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

"ለማንም" አልኩ።

ትንሽ አየኝና፣ "እሺ፣ አርጅቶ ይሆናል" አለ። አመነኝ።

ቅዳሜ የተፈራው ዝናብ ወረደ። ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ኒሙ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲያጥብ ጠራኝ። ሳጥኑን ባራገፍኩበት ቦታ ሦስት ለጋ ቡቃያዎች ቆመው ነበር።

"እዚህ ማሾ ማን ዘራ?"

"ወፍ ጥሎት ይሆናል" አልኩት።

ዓይኔን ሳላሽ ነው የመለስኩለት። እንደ ጓደኛዬ ወላሂ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።