አፈ ወርቁን ስደተኛ ይዘን ወደ አምስተርዳም

ቅዳሜ ጠዋት ሆላንድ ውስጥ ከምኖርባት ከራይስዋይክ ስነሣ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፦ ዛሬ ጋሽ ይማም ይናገራሉ። ጋሽ ይማም ደሴ ታሪክ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። እሳቸው ሲያስተምሩ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች መስኮቱ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ሆላንድ ከመጡ ወዲህ ግን ከሰላምታና ከምርቃት ያለፈ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ ባለቤታቸው ካረፉማ ወዲህ ጭራሽ ብሶባቸዋል። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ስለሆነ ዝምታ ሰውን እንዴት እንደሚበላ አውቃለሁ። ፈርቼላቸዋለሁ።

አምስተርዳም ያሉ አማርኛ አንባቢዎች ስለ አንድ ጥንታዊ ግሪካዊ ፈላስፋ እንድናገር ጋብዘውኝ ነበር። የሰውየውን ታሪክ ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ራሳቸው ናቸው። አብረውኝ እንዲሄዱ ስለምናቸው ከረምኩ፤ በመጨረሻ፣ «ለማዳመጥ ከሆነ እሺ» አሉ። ለጊዜው እሱም ይበቃኛል አልኩ።

ካፔለ አን ደን አይሰል

ጋሽ ይማም የሚኖሩት እዚህ ነው፤ ከሮተርዳም በሜትሮ ሄጄ ወሰድኳቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሻርፕ ጠምጥመው በር ላይ ቆመው ነበር። ሮተርዳም ጣቢያ ስንመለስ ባቡሩ ዘግይቷል።

«ፈርትራኺንግ ነው፣ ጋሼ። ዳቦ በአይብ ልግዛ?»

ዋጋውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም በሉ።

ባቡር ውስጥ

ከሮተርዳም በኋላ አገሩ እንደ ገበታ ሜዳ ነው፤ ቦይ፣ ላም፣ በመስታወት የተሸፈነ እርሻ፣ እንደገና ቦይ። ንግግሬን እያነበብኩ ስለማመድ ጋሽ ይማም በመስኮት ያያሉ። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ባቡሩን ሞላው። ጋሽ ይማም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያጸዱት የነበረው ይህን ቦታ ነው።

«እዚህ ስንት ዓመት ጠረግሁ!» አሉ።

«የእኛም ፈላስፋ በስደት አትክልት ቆፍሯል፣ ውኃ ቀድቷል ብለው አስተምረውኛል» አልኳቸው።

«እሱን ግን ሰው ይጠይቀው ነበር» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እስከ አምስተርዳም ድረስ ይህቺ ቃል ስትከነክነኝ ሄደች።

አምስተርዳም

ስንገባ የሠፈሩ አዳራሽ ሰው በሙሉ ብድግ አለ። ጋሽ ይማም ከፊት ወንበር ተሰጣቸው፤ ሻይ ቀድሞ ለእሳቸው መጣ። አዘጋጁ ብሩክ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ይመርቁን» አላቸው። መረቁ። ወሎዬው ሙስሊም «አሚን»፣ ጴንጤው «አሜን» አለ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያናገራቸው ሰው የለም።

እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውየው የባለጸጋ ልጅ ነው፤ ከአንደበቱ ማማር የተነሣ እሱንም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ አባት «አፈ ወርቅ» ይሉታል። በወጣትነቱ በፈላስፎች ያላግጥ ነበር፤ ኋላ ግን ኢስጦኢኮች የሚባሉትን ፈላስፎች ተከተለ። («ጳውሎስ አቴና ላይ ያገኛቸው!» አለ ብሩክ።) ወዳጁ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ጋር ሲጣላ እሱም ከሮምም ከትውልድ አገሩም ታገደ። አሮጌ ልብስ ለብሶ አገር ለአገር ዞረ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እያስቆመ፣ «ደግ ምንድን ነው? ክፉስ?» ይለዋል። ሳይወድ በግድ ሲመልስ ሲመልስ ፈላስፋ ሆነ።

እዚህ ላይ ወረቀቴን አጠፍኩት።

«ጋሽ ይማም፣ እርስዎን ልጠይቅዎ። ስደት ክፉ ነገር ነው?»

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቀሚሴን ጎተት አድርገው፣ «አንቺ! ሽማግሌ በሰው ፊት እንዲህ ይፈተናል?» አሉኝ። ጥያቄዬን ግን መልሼ አልወሰድኩም።

«ተያት፤ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ» ብለው ጋሽ ይማም ተነሡ።

«ክፉ ነው እንዳልል እናንተን ያገኘሁት በስደት ነው። ክፉ አይደለም እንዳልል ሚስቴን የቀበርኳት በማታውቀው አፈር ነው» አሉ። «የከፋብኝ ግን ሌላ ነው። ባያችሁኝ ቁጥር መርቁን ትላላችሁ፤ እመርቃለሁ፤ ሻይ ትሰጡኛላችሁ። ምን ያስባሉ ያለኝ ግን የለም። ገና ሳልሞት የሙት መታሰቢያ አደረጋችሁኝ!»

ሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያ የደሴው ድምፅ ነበር። ብሩክ ደፈር ብሎ፣ «ስለ ስደቱ እኔ አልስማማም፣ ጋሼ» ሲል ፊታቸው በራ። «ተሳስተሃል፤ ቁጭ በልና ላስረዳህ!» አሉት። የአዳራሹ ጠባቂ ወንበር መሰብሰብ እስኪጀምር ድረስ ተከራከሩ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ጋሽ ይማም ባቡሩ ውስጥ ዝም ያሉት ትኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ብቻ ነው። ካፔለ በራቸው ላይ፣ «ንግግርሽ ጥሩ ነው፤ ግን ትቸኩያለሽ» አሉኝ። መምህር መቼም መምህር ነው።

ወደ ራይስዋይክ ብቻዬን ስሄድ አሰብኩት። ሽማግሌ አይጠየቅም እያልን አድገናል። ለጋሽ ይማም ወንበሩንም ሻዩንም አቀረብን፤ የነፈግናቸው ጥያቄ ነው። ያ አሮጌ ልብስ የለበሰው ግሪካዊ ምንም ክብር አልነበረውምና መንገደኛ ሁሉ ሳይፈራ ጠየቀው፤ አንደበቱም የዳነው በዚያ ነው።

ቤቴን ከፍቼ ስገባ ስልኬ ጮኸ።

«ዘሃራ፣ ያ ጥያቄሽ» አሉ ጋሽ ይማም፣ «ገና ግማሹን እንኳ አልመለስኩልሽም።»

ካፖርቴን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ።