ስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት ጄሶ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን የምጽፈው ለአባቴ ሳልነግረው የቀረሁት አንድ ነገር ስላለ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር። ተወልዶ ያደገው እንጦጦ ሥር፣ አሁን አክስቴ ከነልጆቿ በምትኖርበት ግቢ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። የድንጋይ አቧራ ሳንባውን ስለጎዳው ደረጃውን ሲወጣ በየፎቁ ቆሞ ያርፍ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ከእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ለመንገድ ተብሎ ኮረብታው የተቆረጠበት ቦታ አቁሞኝ ነበር። ቀዩ የድንጋይ ንብርብር ከግራ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሃል ላይ ይቋረጣል፤ በቀኝ በኩል የሚቀጥለው አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነው።

«እዚህ ጋ ምድር ተሰብራለች» አለኝ። «ሁለቱ ወገኖች ተያይዘው ብዙ ዘመን ይቆያሉ። ግፊቱ ሲበዛ ግን አንዱ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ነው ምድር የምትንቀጠቀጠው።»

ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው። እኔም ዳሰስኩት።

ከአዋሽ በኩል የሚመጣው መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ አምፖሉ ተወዛወዘ። ጎረቤቶቻችን እየጮኹ ደረጃውን ወረዱ። አባቴን ደግፌ ሜዳው ላይ ስደርስ ሁሉም እዚያ ነበሩ። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ፎጣ አገልድሞ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዟል።

«አንተ፣ መሬቱን በሪሞት ልታጠፋው ነው?» አለው አባቴ እያለከለከ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ስንመለስ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አገኘን። አባቴ ጄሶ በጥብጦ ስንጥቁ ላይ አግድም ለጠፈበት፤ ሲደርቅ በእርሳስ ቀኑን ጻፈበት። ግንበኞች የግድግዳን መንቀሳቀስ የሚያውቁት እንደዚህ ነው። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተላወሰ ይሰነጠቃል።

«ይህ ከተሰነጠቀ አክስትሽ ጋ እንሄዳለን። ካልተሰነጠቀ እንቀመጣለን» አለኝ።

መሄድ እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። አክስቴ በየቀኑ እየደወለች «ሰማይ ላይ ማን ሰቀላችሁ? ኑና መሬት ላይ ተኙ!» ትለዋለች። ስልኩን ሲዘጋ በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ያያል። እኔ ግን የአክስቴን ቤት እፈራው ነበር። ልጆቿ፣ ምራቶቿ፣ የሚገባ የሚወጣው እንግዳ፤ «ይቺ ልጅ አትናገርም እንዴ?» እያሉ የሚስቁት ነገር። እዚያ ከምኖር ስንጥቁ ይሻለኝ ነበር።

እንደገና በተንቀጠቀጠ ማግስት አባቴ ሳይነሳ ጄሶውን ሄጄ አየሁት። መሃሉ ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰንጥቋል። በቢላዋ ፋቅኩት። የተረፈውን ጄሶ በጥብጬ መልሼ ለጠፍኩና የእሱን ጽሕፈት አስመስዬ ቀኑን ጻፍኩበት።

ተነስቶ መጣ። ጄሶውን በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን እዚያው ላይ ትንሽ አቆየው፤ ሲያነሳው በልብሱ ጠረገው።

«ይዟል» አለ። «እንቀመጣለን።»

ሌላም ጊዜ ተሰነጠቀ፤ ሌላም ጊዜ እንደዚያው አደረግኩ። እሱም ዳስሶ «ይዟል» አለ። ከዚያ በኋላ ለአክስቴ ሲደውል «ቤቱ ደህና ነው፤ አትጨነቂ» ይላት ጀመር።

ሕንጻው ምንም አልሆነም። የአባቴ ሳንባ ግን ክረምቱ ሲገባ ባሰበት። የተቀበረው እንጦጦ ሥር፣ ከአክስቴ ቤት ብዙም በማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሊኖርበት ወደ ተመኘው ሰፈር የተመለሰው በሬሳ ሳጥን ነው፤ ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት በመጨረሻው ቀን ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ያ ጄሶ...» ብዬ ጀመርኩ። እጄን ያዘኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው፤ ትንሽ ሳለሁ ሳለቅስ የሚያባብለኝ እንዲህ ብሎ ነበር።

«ጄሶ ስትበጠብጪ ውኃ አታብዢ። ቶሎ አይደርቅም።»